ለዓያንቱ የተላኩ ሽማግሌዎች

መቱ፣ ጥር 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ዓያንቱ፣

ሰላምታዬ ከመቱ ተነሥቶ፣ በጎሬ ፖስታ ቤት አልፎ፣ ሮማ እስኪደርስ እንዳይቀዘቅዝ እመኛለሁ። እኛ ደኅና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው በቀር ደኅና ናቸው፤ እማዬም ደኅና ናት፤ ቡናው ተለቅሞ አልቋል።

ሁለት ጊዜ ጽፈሽልኝ ሳልመልስ በመቅረቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ታምሜ አይደለም። «በየመስመሩ ፉፋ፣ ፉፋ ስትይ ከርመሽ አሁን ስሙ ከደብዳቤሽ የጠፋው ለምንድን ነው?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። እውነቱን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ጊዜው አለፈ።

አልተጣላንም። ፉፋ እንደ ድሮው ሁሩሙ ክሊኒክ ድሬሰር ነው፤ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ በደጃችን ያልፋል፤ ስለ አንቺም «እዚያ ምንድን ነው የምትማረው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ሽማግሌ ላከ። አባባ በክብር ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ አጠጧቸው፣ ከዚያ «ልጁን አልነቅፈውም። ነገር ግን ታላቂቱ ሳትዳር ታናሺቱን አልሰጥም» ብለው ሸኟቸው። ከገና በኋላ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። መልሱ ያው ሆነ።

እማዬ «ዓያንቱ እኮ መነኩሲት ናት፣ አታገባም» ብትላቸው «ተማሪ ናት። ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ቤቱ ይመጣል» ይላሉ። ጅማ ካቶሊኮቹ ትምህርት ቤት ያስገቡሽ ለትምህርት እንጂ ለሌላ እንዳልነበር ደጋግመው ይነግሩናል። የምንኩስና ልብስ ለብሰሽ የተነሣሽውን ፎቶግራፍ ለእንግዳ ሲያሳዩ «የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ነው» ነው የሚሉት።

ይህን የጻፍኩልሽ እንድታዝኚ አይደለም፤ ስለጠየቅሽኝ ብቻ ነው። ስለ ሌላው ጥያቄሽ፦ አዎ፣ አሁንም እወደዋለሁ።

እኅትሽ ዲሪቤ ደበሳ


ሮማ፣ የካቲት 11 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዲሪዬ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፣ ተቀምጬ ጨረስኩት። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እዚህ ሆኜ መጽሐፍ ሳገላብጥ እዚያ በርሽን ዘግቼ ቆሜ ኖሯል።

ፉፋ «እዚያ ምንድን ነው የምትማረው?» ማለቱን ወድጄዋለሁ። እንዲህ ብለሽ ንገሪው። ፍልስፍናውን ጨርሻለሁ። አሁን በሥነ መለኮት የማዕረግ ጽሑፌን እያዘጋጀሁ ነው፤ ርእሱ ስእለት ነው። ሰው ለእግዚአብሔር ቃል ሲገባ፣ ቃሉ የሚያስረው በምን ኃይል ነው? መምህሬ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ንግግራቸው አጭር ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብበው በኅዳጉ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጻፉልኝ። «የሚሳል ሰው ራሱን ይሰጣል ትያለሽ። ራሱ ግን የማን ነው?» ሳላስብ «የራሱ ነዋ» ብዬ መለስኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ጥያቄ አብራኝ ትበላለች፣ አብራኝ ትጸልያለች።

ብርዱን ለምጄዋለሁ። ምግቡንም ለምጄዋለሁ፤ በርበሬው ግን አሁንም በሕልሜ ይመጣል።

ከዚህ ጋር ለአባባ የጻፍኩት ደብዳቤ አለ። ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። መነኩሲት መሆኔን፣ እንደማላገባ፣ ይህንንም ማንም ሳያስገድደኝ ወድጄ እንደመረጥኩት ጽፌያለሁ። አንቺንም እንዲድሩሽ ለምኛቸዋለሁ። ከተቆጡ በኔ ይቆጡ፤ አንቺ አንባቢ ብቻ ነሽ።

ዓያንቱ


መቱ፣ መጋቢት 16 ቀን 1958 ዓ.ም.

እትዬ ዓያንቱ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? «ከተቆጡ በኔ ይቆጡ» ላልሽው፣ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዋንዛው ሥር ተቀምጠው አነበብኩላቸው። «ድገሚው» አሉኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ ሰው ተጣልቶ ሊያስታርቁ ሲቀመጡ እንደሚያደርጉት ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ይጠይቁኝ ጀመር።

«ይህ ገባሁ የምትለው ቤት፣ ሽማግሌ ልኳል?»

«አልላከም፣ አባባ።»

«ደጄን የረገጠ ሰው አለ? ልጅህን ስጠን ያለ?»

«የለም።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ነገር ሳይ ኖሬአለሁ። ሽማግሌ ሳይላክባት ከአባቷ ቤት የወጣች ልጅ ወይ ተጠልፋለች፣ ወይ ኮብልላለች። የኔ ልጅ የትኛዋ ናት?»

እማዬ ከበሩ ላይ ሆና «ሰውዬ፣ እግዚአብሔር ቤት ነው እኮ የገባችው» አለቻቸው።

«ታዲያ የእግዚአብሔር ሰዎች ወግ አያውቁም?» አሏት። «ልጄን እንደ ሰው መጥተው ይለምኑኝ። ያን ጊዜ እሺም እምቢም እላለሁ። እስከዚያ ግን ዓያንቱ አልተዳረችም፣ ዲሪቤም ትጠብቃለች።»

እማዬ ወደ ጓዳ ገብታ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ለፉፋ ስነግረው «መነኮሳት ሽማግሌ ይልካሉ እንዴ?» አለኝ። እኔም አንቺን እጠይቅሻለሁ። ይልካሉ?

ዲሪቤ


ሮማ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዲሪዬ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ።

ደብዳቤሽን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከፈትኩት። «የኔ ልጅ የትኛዋ ናት?» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝና ከዚያ በትሕትና አስወጡኝ። ደጅ ስወጣ ደግሞ አለቀስኩ። አባባ የጠየቁት መምህሬ የጠየቁኝን ነው። ራስሽን ሰጠሁ ትያለሽ፣ አንቺ የማን ነሽ?

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። የመጨረሻውን መሐላ ማለትም እስከ ዕድሜ ልክ የሚያስረውን መፈጸም የነበረብኝ አምና ነው። አልተዘጋጀሁም ብዬ አስተላለፍኩት። እውነቱ ግን አባባ ሳይመርቁኝ መማል ስለከበደኝ ነው። በመጪው ጥቅምት ካልማልኩ ወደ አገሬ፣ ወደ ዓለማዊ ኑሮ እመለሳለሁ። እመ ምኔታችን ይህን በፍቅር፣ ነገር ግን በግልጽ ነግረውኛል። እንግዲህ በሩ የተዘጋው በአንቺ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የአባባን ቃል ለእመ ምኔታችን ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። አየርላንዳዊት ናቸው፤ ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቁም። «የኔ አባት ገበሬ ነበር። እሱም ቢሆን እንዲሁ ይል ነበር» አሉና ወዲያው ጅማ ላለው ቤታችን ጻፉ። ሽማግሌ ይላካል፣ ዲሪዬ። የጅማው ቤት አለቃ ሲስተር መንበረና አባ ገብረ ሥላሴ ይመጣሉ። አባ ገብረ ሥላሴ የትግራይ ሰው ናቸው፤ ቅዳሴ እንጂ ሽምግልና አያውቁምና አደራ፣ አባባ ምን ምን እንደሚጠይቁ በጅማ አድራሻቸው ጻፊላቸው። በተለይ የዘር ቆጠራውን። አባባ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ልጅ እንደማይሰጡ ታውቂያለሽ።

ለመምህሬም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «የአባትሽ መልስ ሲመጣ ሦስተኛውን ምዕራፍ ጻፊ። ከዚያ በፊት እንዳትጽፊ» አሉኝ።

ዓያንቱ


መቱ፣ ሰኔ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.

እትዬ፣

«መጡ ወይ? ምን አሉ? እንዴት ተቀበሏቸው?» እያልሽ ሦስት ጥያቄ በአንድ መስመር ደርድረሽ ልከሽልኛል። መጥተዋል። ሁሉንም ከመጋረጃው ጀርባ ከእማዬ ጋር ቆመን ሰምተናል።

አስቀድሞ ግን እኔም የደበቅሁሽ አለ። ከጅማ የሚመጡት ሁለቱም ለአባባ እንግዳ ስለሆኑ፣ አገር የሚያውቀው ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል ብዬ አሰብኩ። ጨርቅ የምገዛ መስዬ ጋሼ ነዚፍ ሱቅ ሄድኩና ነገሩን ዘርዝሬ አጫወትኳቸው። ሜትራቸውን እንደያዙ አዳመጡኝ። «እኔ እስላም፣ አባትሽ ኦርቶዶክስ፣ ለማኞቹ ካቶሊክ» አሉና ትንሽ አስበው «ጥሩ ነው። ማንም ለማንም አደላ አይባልም» አሉኝ።

አውሮፕላኑ ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ ጎሬ አረፈ፤ ከዚያ በላንድሮቨር መጡ። አባባ አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሁለት የጎረቤት አዛውንት ግራና ቀኝ አስቀምጠው ጠበቋቸው። ነገሩ በኦሮምኛ ይሁን አሉ፤ ነቀታ፣ የእጮኝነቱ ወግ ማለቴ ነው፣ በኦሮምኛ ካልሆነ አይጸናም ብለው። ስለዚህ አባ ገብረ ሥላሴ በአማርኛ ይናገራሉ፣ ጋሼ ነዚፍ በኦሮምኛ ይደግማሉ።

«ልጅ ልንለምን መጣን» አሉ አባ ገብረ ሥላሴ ቆመው።

«ለማን?»

«ለክርስቶስ።»

እማዬ ክንዴን ጨበጠችኝ። አባባ ቀጠሉ።

«የማን ልጅ ነው? ዘሩን ቁጠሩልኝ።»

አባ ገብረ ሥላሴ ወንጌሉን ሳይገልጡ በቃላቸው ጀመሩ። አብርሃም ይስሐቅን ወለደ። ጋሼ ነዚፍ «ኢብራሂም ኢስሃቅን» ብለው ደገሙ። አባባ «እነዚህን ሁለቱን እናውቃቸዋለን፣ ቀጥሉ» አሉ። ቀጠሉ። ዳዊት ላይ ደረሱ። «ዳዊትም ከኦርዮ ሚስት ሰሎሞንን ወለደ» ሲሉ አባባ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። ከሌላ ሰው ሚስት?»

«ከሌላ ሰው ሚስት።»

«ይህን ዘልላችሁ ማለፍ ትችሉ ነበር።»

«ተጽፏል። አንደብቅም» አሉ አባ ገብረ ሥላሴ።

አባባ ወደ አዛውንቶቹ ዞረው «ስንት ሠርግ ስንዋዋል ኖርን። ነውሩን ሳይዘል ዘሩን የቆጠረልን ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አሏቸው። አላየንም አሉ። «ቀጥሉ» አሉ አባባ። እስከ መጨረሻው ተቆጠረ። «እኔ ሰባት ቤት ጠየቅሁ፣ እናንተ ከዓለም መጀመሪያ አመጣችሁልኝ። ከኛ ጋር አይገናኝም፤ በዘር በኩል እንከን የለም።»

ከዚያ ወደ ሲስተር መንበረ ዞሩ። «ሴት ለሽምግልና ስትመጣ አይቼ አላውቅም።»

«ልጅዎ ስትመለስ የምትኖረው ከኔ ጋር ነው» አለች ሲስተር መንበረ። «ሌላ ማን ሊመጣ ነበር?»

ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? «ሰምቻለሁ። ተመለሱ።» ሲስተር መንበረ ደነገጠች። ወጉ እንደዚያ መሆኑን፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት እንደሌለ ጋሼ ነዚፍ በር ላይ አስረዷት።

ዝናቡ ግን ዛሬም አላቆመም፤ የጎሬው ሜዳ ጭቃ ስለሆነ አውሮፕላን አይመጣም። እንግዶቹ ያረፉት ጋሼ ነዚፍ ቤት ነው። ፖስታ የሚወስደው ሰው ሊሄድ ስለሆነ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ዲሪቤ


ሮማ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዲሪዬ፣

«ተመለሱ» ላይ አቁመሽ መላክሽን እንዴት ይቅር እንደምልሽ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልደረሰኝም። እመ ምኔታችን ጠዋት ጠዋት ፊቴን እያዩ ምንም አይጠይቁኝም። የዘር ቆጠራውን ስተርጉምላቸው ግን ደጋግመው አስነብበውኛል።

ሦስተኛውን ምዕራፍ የአባባን መልስ ሳልጠብቅ ጻፍኩት፤ ቀኑ ስለ ደረሰብኝ። መምህሬም ፈቀዱልኝ። እንዲህ ነው ያልኩት። ሰው ራሱን ለመስጠት አስቀድሞ ራሱን ከሌሎች እጅ ተቀብሏል። ከወለዱት፣ ከሰየሙት፣ ካሳደጉት። ስለዚህ ከመስጠቱ በፊት እነሱን መጠየቅ ፈቃድ ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ከየት እንደ መጣ ማመን ነው።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ፈታኞች ፊት ቀረብኩ። አንደኛው «አባቱ እምቢ ቢልስ? እግዚአብሔር በአባት ፈቃድ ሊታገድ ነው?» አለኝ። «አይታገድም» አልኩ። «ልጂቱ ግን ሳትጠይቅ ብትሄድ፣ የሰጠችው ስጦታ ግማሹ የተሰረቀ ይሆናል።» ተያዩ። «ይህን ከየትኛው ሊቅ አገኘሽው?» አለኝ። «ከመቱ» አልኩት። መቱ የሚባል ሊቅ ሊፈልግ መዝገብ ሊያገላብጥ ሲነሣ መምህሬ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

አልፌአለሁ፣ ዲሪዬ። በከፍተኛ ማዕረግ። ግን ለማን ልንገረው? ጻፊልኝ።

ዓያንቱ


መቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1958 ዓ.ም.

እትዬ ዓያንቱ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ያለፍሽበትን ደብዳቤ አባባ እስካሁን ሦስት ሰው አስነብበዋል፤ እኔ ሳነብላቸው እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

ዝም ያልኩት ታዝዤ ነው። «ቃሌን አስሬ እስክጨርስ ለዓያንቱ አንዲት መስመር እንዳትጽፊ፤ ተስፋ ሰጥተን ብናጥፍ ነውር ነው» ብለውኝ ነበር። አሁን ተፈትቻለሁ።

ዝናቡ ሰዎቹን ከወር በላይ መቱ አስቀመጣቸው። የጋሼ ነዚፍ ባለቤት እትዬ ሚስኪ፣ ሲስተር መንበረን እንደ እኅቷ ያዘቻት። አንዲቱ ስትሰግድ ሌላዋ ስትጸልይ ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው ይጠፋል ብለው ጋሼ ነዚፍ ሲስቁ ነበር። አባባ በየቀኑ በዚያ ደጅ ያልፋሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው፣ በዚያ ጭቃ። ቆም ይላሉ እንጂ አይገቡም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲስተር መንበረን ብቻዋን ወደ ቤት አስጠሯት። እኔ ወንበር ሳመጣ ነው የሰማሁት። ዘር አልጠየቋትም። ስለ ቤተ ክርስቲያን ልዩነትም አላነሡም።

«ስትታመም ማን ያስታምማታል?» አሏት።

«እኔ።»

«አንቺ ብትቀድሚስ?»

«ከኔ በኋላ ያለችው። ከሷ በኋላም ሌላ አለች።»

«ልጅ አትወልድም። ስታረጅ እማማ የሚላት የለም።»

«የማስተምራቸው ሕፃናት እማማ ነው የሚሉኝ፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይበዛብኛል» አለች። አባባ ፈገግ አላሉም። ዝናቡን ያዩ ጀመር። እትዬ፣ አባባ ያን ሁሉ ጊዜ ፈርተው ነበር። ለካ ቁጣም ወግም አልነበረም። ብቻሽን ታረጃለሽ ብለው ፈርተው ነው።

«ዲሪቤ፣ ሽማግሌዎቹን አስጠሪ» አሉኝ።

ሁለቱ ሲመጡ ሦስቱም ቆሙ። አባባ ሁለት ነገር አስማሏቸው። ትምህርቷን ስትጨርስ ሥራዋ በአገሯ ይሁን፤ አባትና እናቷ ሲታመሙ ከመምጣት አትከልከል። አባ ገብረ ሥላሴ ማሉ። ሲስተር መንበረ ማለች። ጋሼ ነዚፍ ደግሞ በራሳቸው መንገድ ዋስ ሆኑ። ከዚያ አባባ ተነሥተው «እንግዲያው ሰጥቻለሁ። ዓያንቱ ደበሳ ተድራለች» አሉ። እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ እልል አለች፤ የምትጮህ ሴት አይደለችም፣ ታውቂያለሽ፣ ግን ጎረቤት ሁሉ ሰማት።

እልልታው ሳያልቅ አባባ ወደኔ ዞረው፣ ነገሩን ሁሉ ያዘገየሁት እኔ የሆንኩ ይመስል፣ «የዚያ የሁሩሙው ልጅ ሽማግሌዎች የት ጠፉ?» አሉኝ።

መሐላሽ የሚፈጸምበትን ቀን ቁርጡን ጻፊልን። አባባ ፈልገውታል። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ዲሪቤ


ሮማ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዲሪዬ፣

ከደስታ የተነሣ ብዙ መጻፍ አልቻልኩም። ደብዳቤሽን ይዤ ወደ እመ ምኔታችን ሮጥኩ፤ በዚህ ቤት ኮሪደር ላይ መሮጥ ክልክል ነው፣ እሳቸውም አብረውኝ ሮጡ ማለት ይቻላል። የሥራዬም ነገር ተወስኗል። ጅማ ላሉት አዲስ ገቢዎች ፍልስፍናና ሃይማኖት አስተምራለሁ። በታኅሣሥ እገባለሁ።

ቀኑ እሑድ ጥቅምት 13 ነው። ለአባባ ንገሪያቸው፣ ያን ቀን ስማቸውን በሙሉ እጠራለሁ። ዓያንቱ፣ የደበሳና የዘውደነሽ ልጅ፣ ብዬ ነው የምምለው። እንደዚያ እንዲሆን አስፈቅጃለሁ።

አንቺስ ቀንሽ መቼ ነው? አትደብቂኝ።

ዓያንቱ


ሁሩሙ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ዓያንቱ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከራሴ ቤት ነው። ፉፋ አጠገቤ ተቀምጦ «ሰላም በይልኝ» ይላል፤ ብዕሩን ሊቀማኝ ስለሚፈልግ ፊደሌ ከተበላሸ እሱ ነው። ምን እንደ ለበስኩ፣ ማን እንደ መጣ፣ እማዬ አልቅሳ እንደሆነ መጠየቅሽ አይቀርም። ነጭ ለብሼ ነበር። ከኖፓ እስከ ጎሬ ያልመጣ ሰው የለም። እማዬ አላለቀሰችም፤ አባባ ናቸው ያለቀሱት፣ ጭሱ ነው ብለዋል።

ቀኑን የደበቅሁሽ አባባ ስላሉኝ ነው። ጥቅምት 13 ነው፣ እትዬ። አንቺ እዚያ ስትምዪ፣ እኔ እዚህ ስዳር። ሠርግ የጠሩትም «ሁለት ልጆቼን እድራለሁ» ብለው ነው። ዳሱን በሁለት ወገን አስጣሉት። በአንዱ በኩል የፉፋ ዘመዶች ተቀመጡ። በሌላው በኩል፣ በአማቾች ቦታ፣ ሲስተር መንበረ፣ አባ ገብረ ሥላሴ፣ ጋሼ ነዚፍና እትዬ ሚስኪ። ለአማች የሚቀርበው ሁሉ ቀረበላቸው፤ ለጋሼ ነዚፍና ለባለቤታቸው በእስላም እጅ የታረደው ለብቻው ተዘጋጅቶ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ አባባ ሰዉን ሁሉ ዝም አሰኝተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «አሁን ዓያንቱ ስሜን እየጠራች ነው» አሉና መረቁሽ። ዳሱ ሙሉ አሜን አለ። ተሰምቶሽ ይሆን?

በኋላ ከጎሬ የመጣ አንድ እንግዳ፣ ነገሩን ያላወቀ፣ ሙሽሮቹን ቆጥሮ ቆጥሮ አልስማማ ስላለው ወደ አባባ ጠጋ አለ። «ጋሽ ደበሳ፣ ሁለት ልጅ ዳርኩ ይላሉ። ሁለተኛው ሙሽራ የታለ?»

አባባ በአማቾች ቦታ የተቀመጡትን አሳዩት። «የላካቸው ሰዎች እነዚያውና» አሉት። «እሱ ራሱ የሌለበት ቦታ የለም ይላሉ፤ እዚህም ሳይኖር አይቀርም። አንተ ብላ።»

እኅትሽ ዲሪቤ